ቢራው፣ ደመወዙና የሦስት ዓመቱ ቃል

እ.ኤ.አ. በ2018 በካናዳ የኦንታርዮ ክፍለ ግዛት ምርጫ ሲካሄድ ከሁሉም በላይ የተወራው ስለ ቢራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የፕሮግረሲቭ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ መሪ ዳግ ፎርድ ቢራ በአንድ ዶላር እንዲሸጥ አደርጋለሁ ብለው ቃል ገቡ። ለጋዜጠኛ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲሳይ ነው፤ ያስቃል፣ ለርዕስም ይመቻል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ መንግሥት ያደረገው ቢራ የሚሸጥበትን ዝቅተኛ ዋጋ ከ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ወደ 1 ዶላር ማውረድ ብቻ ነው። ጠማቂውን በዚህ ሽጥ ብሎ አላስገደደውም። ታዲያ ወለሉ ሲወርድ በአንድ ዶላር ለመሸጥ የተነሡት ጠማቂዎች ጥቂት ነበሩ።

በካናዳ ሕገ መንግሥት መሠረት ሆስፒታልና ትምህርት ቤት የክፍለ ግዛቶች ሥራ ነው። አብዛኛው ሠራተኛ የሚተዳደርበት የሥራ ሕግም እንዲሁ። ስለዚህ የዜጋው ኑሮ በቀጥታ የሚነካው በዚህ ምርጫ ነው። ስለ ሕፃናት መዋያ ሦስቱም ትልልቅ ፓርቲዎች የየራሳቸውን ዕቅድ አቅርበው ነበር፤ እኔ ግን ስለ ሁለት ነገሮች ብቻ ላውራ።

አንደኛው የሰዓት ክፍያ ነው። ከ2003 ጀምሮ ሥልጣን ላይ የነበረው የሊበራል ፓርቲ መንግሥት ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ በጃንዋሪ 2018 ከ11 ዶላር ከ60 ሳንቲም ወደ 14 ዶላር አሳደገው። በዓመቱ ደግሞ 15 ሊገባ ነበር። በአንድ ቀን ከ20 በመቶ በላይ መጨመር ለትንሽ ምግብ ቤት ቀላል አይደለም፣ የአሠሪዎቹም ጩኸት መሠረት ነበረው። ፎርድ ክፍያው 14 ላይ ይቁም፣ በምትኩ ዝቅተኛ ተከፋዮች ለክፍለ ግዛቱ የሚከፍሉት የገቢ ግብር ይቅርላቸው አሉ።

ሁለቱም ለድሃ የሚጠቅሙ ይመስላሉ። እስቲ እናስላው። በሳምንት 37 ሰዓት ተኩል ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ሰው የአንድ ዶላር ጭማሪ 1,950 ዶላር ያመጣለታል። በኋላ የወጣው የግብር ቅናሽ ደግሞ ሲጀመር ቢበዛ 850 ዶላር ነበር። ከ1,950ው ላይ ግብርና መዋጮ ይቀነሳል፤ ቢሆንም የሚቀረው ከ850 ያንሳል ብዬ አላምንም። በጣም የሚገርመው ግን በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚሠራው ሰው ነገር ነው። ገቢው ትንሽ ስለሆነ ድሮም ግብር አይከፍልም። ያልከፈለውን ግብር ቢምሩት ምን ያገኛል?

ሁለተኛው መሠረታዊ ገቢ የሚባለው ሙከራ ነው። በ2017 በሃሚልተንና ብራንትፎርድ፣ በተንደር ቤይና በሊንድሴይ አካባቢ ተጀመረ። 4,000 ያህል ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ለሦስት ዓመት ገንዘብ እንዲያገኙ ተመረጡ። ላላገባ ሰው በዓመት እስከ 16,989 ዶላር ይሰጣል፤ ሠርቶ ካገኘው ላይ ግማሹ ይታሰብበታል። ለምሳሌ 10,000 ዶላር ሠርቶ ያገኘ ሰው 11,989 ይጨመርለታል ማለት ነው። እንግዲህ መሥራት እንዳይከስር ተብሎ የተቀመረ ነው።

በቅስቀሳው ወቅት የፎርድ ፓርቲ ሙከራውን አንነካውም ብሎ ነበር። ጁን 7 ቀን ከ124 መቀመጫ 76ቱን አሸነፈ። ጁላይ 31 ቀን የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሊሳ ማክሌዎድ ሙከራው ውድ ነው፣ አያዛልቅም ብለው መቆሙን ተናገሩ። ሁለት ወር እንኳ አልሞላም!

ውድ ነው የሚለውን መከራከር ይቻላል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሰዎቹ የሦስት ዓመት ገንዘብ አለን ብለው የቤት ኪራይ ተዋውለዋል፣ ትምህርት ጀምረዋል። ሙከራውም ውጤቱ ሳይታወቅ ነው የተቋረጠው፤ ሊጠና ታስቦ የነበረው ሳይጠና ቀረ ማለት ነው። ለቢራው የተሰጠው ቦታ ሩቡ እንኳ ለእነዚህ 4,000 ሰዎች ቢሰጥ፣ አንድ ሪፖርተር መድረክ ላይ ቆሞ "አንነካውም ስትሉ እስከ መቼ ነው?" ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ መልሱ ቢያንስ በጽሑፍ ይቀር ነበር።

ክፍያው በማርች 2019 ተቋረጠ። ተጠቃሚዎቹም ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰዱት። 15 ዶላሩ ደግሞ ሦስት ዓመት ዘግይቶ በጃንዋሪ 2022 ገባ፤ ያስገባውም ያው የፎርድ መንግሥት ነው።