የፎቶ ኮፒ መኪና ከመተከሉ በፊት ኤሌክትሪክን ስለ መመርመር

በናይሮቢ ከተማ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበትና በሚነግዱበት በኢስትሊ ሠፈር፣ ለጽሕፈት ቤቱ የፎቶ ኮፒ መኪና ለመትከል ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የቤቱን ኤሌክትሪክ ሊመረምር ይገባዋል።

የኬንያ ኤሌክትሪክ 240 ቮልት፣ የኢትዮጵያ ደግሞ 220 ቮልት ነው። በመኪናው ጀርባ ከ220 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ከተጻፈ በሁለቱም አገር ይሠራል፤ ስፒናውን ብቻ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ባለው የኬንያ ስፒና መለወጥ ይበቃል። ለአሜሪካ የተሠራው የ120 ቮልት መኪና ግን ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ይቃጠላል።

ቀጥሎ የሚታሰበው የኃይሉ መጠን ነው። ዋቱ ለቮልቱ ሲካፈል አምፔሩ ይገኛል። ቀለሙን በወረቀት ላይ የሚያጣብቀው ክፍል በሙቀት የሚሠራ ስለ ሆነ መኪናው ብዙ ኃይል ይስባል፤ 1500 ዋት የሚወስደው በ240 ቮልት 6 አምፔር ከሩብ ይፈልጋል። የኬንያ ስፒና ፊውዝ ቢበዛ 13 አምፔር ነውና ይህን ይችላል። ነገር ግን 2000 ዋት የሚወስድ የውሃ ማፍያ በዚያው ማከፋፈያ ላይ ቢጨመር ድምሩ ከ14 አምፔር ተኩል ያልፋል፤ ፊውዙ ቶሎ ሳይቆርጥ ሽቦው ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ስለዚህ መኪናው ለብቻው በተዘረጋና የመሬት ሽቦ ባለው መስመር ላይ ይተከል፤ አስቀድሞም ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይመርምረው። የምርመራው ዋጋ ከንብረትና ከሰው ሕይወት ጋራ ሲመዛዘን እጅግ ያነሰ ነው።