የተሳቢ እግርና የነጋዴ ጥቅም

በመተማ ዮሐንስና በገንዳ ውኃ የሚነግድ ሰው ስለ ሰሊጥ ዋጋና ስለ ካሚዮን ኪራይ አጥብቆ ይጠይቃል። ጭነቱን ደግፎ ስለሚያቆመው ስለ ተሳቢው እግር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ቸልታ ገንዘብ ያስከፍላል።

ከፊል ተሳቢ የፊት ጎማ የለውም። ከሳቢው ካሚዮን ሲለያይ የፊቱን ክብደት የሚሸከሙት፣ እንደ ክሪክ በእጅ መዘውር የሚወርዱና የሚወጡ ሁለት እግሮች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ጭነት ይዞ በጠረፍ ብዙ ቀን መቆም ሊያጋጥም ስለሚችል፣ የእግሮቹ ነገር ይበልጥ ያሳስባል።

እኔ በጸሐፊነት የማገለግልበት የንግድ ቤት በዚህ ተጎድቷል። በአንድ የግንቦት ማታ 200 ኩንታል ሰሊጥ የጫነ ተሳቢ ሣንቃ ሳይነጠፍለት በመረሬ መሬት ላይ ቆመ። ሌሊት ዝናብ ጣለ፤ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚጠነክረው ጥቁር አፈር እንደ ሊጥ ላላ። ሲነጋ አንደኛው እግር ሰጥሞና ጎብጦ፣ ጭነቱም ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ተገኘ። የጫኝና አውራጅ ክፍያ፣ የፈሰሰው ሰሊጥና የባከነው ሦስት ቀን ሲደመር ከአዲስ እግር ዋጋ በለጠ። ሒሳቡን በመዝገብ የጻፍሁት እኔ ነኝና አልረሳውም።

አጠባበቁ ግን ቀላል ነው። የቆላው አቧራ ከአሮጌ ግራሶ ጋር ሲቀላቀል እንደ ሞረድ ብረት ይበላል፤ ስለዚህ አሮጌው ተጠርጎ አዲስ ይቀባ። ቡሎኖቹ ይጥበቁ፤ እግሩ ከሻንሲው የተያያዘበት ስፍራ እንዳልተሰነጠቀ ይታይ። ተሳቢው ሲቆም ጎማው ይታገድ፤ ከእግሮቹ በታች ወፍራም ሣንቃ ይነጠፍ። ጭነት ሲኖር መዘውሩ በቀስተኛው ማርሽ ይዙር። አልዞር ካለ በቧንቧ አስረዝሞ ማስገደድ የውስጡን ጥርስ ይሰብራል፤ ተሳቢው ከካሚዮኑ ጋር ከተያያዘ በኋላ እግሩን ፈትቶ ማየት ይገባል። የጎበጠውንም በእሳት ማቅናት ብረቱን ስለሚያደክመው መለወጥ ይሻላል። ከሁሉም በላይ፣ በእግሮቹ ብቻ ከቆመ ተሳቢ ሥር ማንም ሰው አይግባ።

መለዋወጫ የምታስመጡ ነጋዴዎች ጥርሱንና መዘውሩን ለየብቻ ብታመጡ፣ ባለ ካሚዮኑ ሙሉ እግር ለመግዛት አይገደድም። ጭነት የምታስጭኑም ከመዋዋላችሁ በፊት እግሩን አስወርዳችሁ እዩ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።