ዘፈን በስሙ ይጠራ፦ የዲጂታል ሙዚቃ ማኅደር አያያዝ

በምዕራብ ሐረርጌ፣ ጭሮም ሆነ ሂርና ወይም ገለምሶ፣ ሚሞሪና ፍላሽ ተቀብሎ ዘፈን የሚጭን ሱቅ ማግኘት አይቸግርም። ባለሱቁ ከኮምፒውተሩ አንድ ፎልደር ይመርጣል፣ ይገለብጣል፣ ሒሳቡን ይቀበላል። የአምስት ደቂቃ ዘፈን በተለመደው የኤምፒስሪ ጥራት 5 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ፣ ባለ32 ጊጋባይት ፍላሽ 6,000 ያህል ዘፈን ይጭናል። ይህ ሁሉ ሌት ተቀን ሳያቋርጥ ቢደመጥ ከ20 ቀን በላይ ይፈጃል። ችግሩ የሚመጣው ከስድስት ሺሁ አንዱን ሲፈልጉ ነው። «ትራክ 01» የሚል መቶ ፋይል፣ ዘፋኙ ያልታወቀ ሌላ መቶ፣ አንዱ ዘፈን ሦስት ጊዜ ተደግሞ፣ የሚፈልጉት ደግሞ የት እንደገባ ሳይታወቅ ይቀራል።

በካሴት ዘመን እንዲህ አልነበረም። ካሴቱ ታጥፎ የሚገባ የሽፋን ወረቀት ነበረው፤ የዘፈኖቹ ርእስ በቅደም ተከተል ይጻፍበታል፣ ብዙ ጊዜም ግጥሙና ዜማው የማን እንደሆነ፣ ማን እንዳቀናበረው ይሰፍርበታል። ካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ድምፁ ተሻገረ፣ ወረቀቱ ግን ቀረ። የሙዚቃ ማኅደር ማደራጀት ማለት በመጀመሪያ ያንን ወረቀት ወደ ቦታው መመለስ ነው።

ኤምፒስሪ ፋይል ለዚህ የሚሆን ቦታ በውስጡ አለው፤ ታግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የመጀመሪያው ዓይነት በፋይሉ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ 128 ባይት ነበር። ለርእሱ 30፣ ለዘፋኙ 30፣ ለአልበሙ 30፣ ለዓመተ ምሕረቱ 4 ባይት ተመድቦለት፣ ዘውጉ ደግሞ ከተወሰነ ዝርዝር በቁጥር ብቻ ይመረጥ ነበር። የእኛን ፊደል የሚያስተናግድበት መንገድ አልነበረውም፤ የግእዝ ፊደል ራሱ ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ብዙ የቆየ የአማርኛ ዘፈን ስሙ በላቲን ፊደል፣ ያውም እያንዳንዱ ሰው እንደመሰለው ተጽፎ የሚገኘው ከዚህም የተነሣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 የመጣው ሁለተኛው ዓይነት ግን ዩኒኮድን ይቀበላል። ዘውግ በሚለው ቦታ «መንዙማ»፣ «መዝሙር» ወይም «ሸጎዬ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ለገጣሚው፣ ለዜማ ደራሲውና ለአቀናባሪውም የየራሳቸው ቦታ አለ። የካሴቱ ወረቀት ላይ የነበረው ሁሉ ይገባል።

ሥራው ከስም ይጀምራል። ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ከብዙ ሰው ፍላሽ የማይጠፋውን አሊ ቢራን እንውሰድ። በድሬዳዋ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር ጀምሮ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜ ድረስ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪና በሶማሊኛ የዘፈነ አርቲስት ነው። ስሙ አንዱ ፋይል ላይ በግእዝ ፊደል፣ ሌላው ላይ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ ሦስተኛው ላይ በቁቤ አናባቢው ተደርቦ ተጽፎ ይገኛል። ማሽኑ ሦስት ዘፋኝ አድርጎ ይቆጥረዋል። ከእኛ መካከል አንዱ ጭሮ፣ ሌላው አሰበ ተፈሪ ቢል ስለ አንድ ከተማ እንደምናወራ እንግባባለን፤ ማሽን ግን ካልነገሩት አያውቅም። በአማርኛም ያው ነው፤ ጥላሁን ገሠሠ በንጉሡ «ሠ» እና በእሳቱ «ሰ» ከተጻፈ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ነው። ስለዚህ አንድ አጻጻፍ ይምረጡ፣ ለሁሉም ፋይል እሱኑ ይጠቀሙ። ኤምፒስሪታግ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ሃምሳ ፋይል በአንድ ጊዜ መርጦ የዘፋኙን ስም አንዴ መጻፍ ይቻላል።

ከስም ቀጥሎ ደረጃ መስጠት ይመጣል። ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርገው ዝርዝር መረጃውን ሲከፍቱ አምስት ባዶ ኮከቦች ያገኛሉ። አራተኛውን ሲነኩ በፋይሉ ውስጥ 196 የሚል ቁጥር ይጻፋል። ታጉ የሚያውቀው ከ1 እስከ 255 ያለውን ቁጥር ነው፤ አንድ ኮከብ 1፣ ሦስት ኮከብ 128፣ አምስት ኮከብ 255 ይሆናል፤ 0 ማለት ገና ደረጃ አልተሰጠውም ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በጣም ይጠቅማል። ማሽኑ ያልወደዱትንና ገና ያልመዘኑትን ለይቶ ያውቃል ማለት ነው።

ኮከቡ እንዲሠራ መለኪያው የጸና መሆን አለበት። ለሁሉም አምስት የሚሰጥ ሰው ምንም አልለየም። የሚያዋጣው መንገድ ይህ ነው፦ አንድ ኮከብ ድምፁ ለተበላሸና ለሚሰረዝ፣ ሁለት ለማስታወሻ ለሚቀመጥ፣ ሦስት ቢመጣ ለማይዘለል፣ አራት ተፈልጎ ለሚሰማ። አምስት ደግሞ ዓመታት ቢያልፉም ለማይሰለቸው ብቻ ይሁን። ስድስት ሺህ ዘፈን ተቀምጦ መመዘን አይቻልም፤ እየሰሙ፣ በሰሙበት ቅጽበት መስጠት ይበቃል።

ስሙና ኮከቡ ከተሟላ በኋላ ራሱን የሚሞላ ፕሌይሊስት ይመጣል። ይህን ነገር በሰፊው ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የአይቲዩንስ ሦስተኛ እትም ነው፤ ዛሬ ሚዩዚክቢን የመሳሰሉ ነጻ ፕሮግራሞችም ይሠሩታል። በተለመደው ፕሌይሊስት ዘፈኖቹን አንድ በአንድ የሚያስገባው ሰው ነው። በዚህኛው ግን ሰው የሚያወጣው ደንብ ብቻ ነው፤ ደንቡን የሚያሟላ ዘፈን በራሱ ይገባል፣ ማሟላቱን ሲያቆምም በራሱ ይወጣል።

ለምሳሌ ከጭሮ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳ ሾፌር «አራት ኮከብና ከዚያ በላይ፣ ባለፉት 30 ቀናት ያልተሰማ፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 6 ሰዓት» ብሎ ቢያዝ፣ የሚወደው ዘፈን ሳይሰለቸው መንገዱን ይጨርሳል። በረመዳን ዘውጉ መንዙማ የሆነውን፣ በዐቢይ ጾም ዘውጉ መዝሙር የሆነውን ብቻ የሚያሰልፍ ደንብ አንዴ ከወጣ ለየዓመቱ ያገለግላል። ቅኝቱን በማስታወሻ ቦታ የጻፈ ሰው ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ለየብቻ ሊያሰልፍ ይችላል። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን «ኮከቡ 0 የሆነ፣ ተሰምቶ የማያውቅ፣ 20 ዘፈን» የሚለው ነው፤ ፍላሹ ውስጥ ተቀብሮ የኖረውን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ያወጣል።

መጠንቀቅ የሚገባው ሁለት ነገር አለ። አንዳንድ ፕሮግራም፣ አይቲዩንስን ጨምሮ፣ ኮከቡን የሚጽፈው በራሱ መዝገብ እንጂ በፋይሉ ውስጥ አይደለም። ኮምፒውተር ሲቀየር የዓመታት ድካም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ደረጃው በፋይሉ ላይ እንዲጻፍ የሚያደርግ ምርጫ ካለው ያብሩ፣ ማኅደሩንም በሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ሁለተኛው የመኪና ማጫወቻ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ የግእዝ ፊደል ማሳየት አይችሉም፤ አንዳንዶቹም ዘፈኑን የሚያጫውቱት በስሙ ተራ ሳይሆን ወደ ፍላሹ በገባበት ቅደም ተከተል ነው። ለመኪና የሚሆነውን ፍላሽ ለብቻ፣ የፋይሉን ስም በቁጥር ጀምሮ ማዘጋጀት ይሻላል።

እንደ ሰዋሰው ያሉ አገርኛ የሙዚቃ መተግበሪያዎች መምጣታቸው መልካም ነው፤ ለአዲስ ሥራ ባለሙያው እንዲከፈለው ያደርጋሉና ሊደገፉ ይገባል። የራስ ማኅደር ግን ሌላ አገልግሎት አለው። ኔትወርክ ሲቋረጥ አይቋረጥም፤ ከአሮጌ ካሴት የተገለበጠውን፣ መሰላ ውስጥ በአንድ ሠርግ ላይ በስልክ የተቀዳውን ዘፈን ይይዛል። እንዲህ ላለው ቅጂ ስሙን የሚጽፍለት ኩባንያ የለም፤ የሚያውቀው የቀዳው ሰውና እዚያ የነበሩት ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ከዚያ ይጀምሩ። ከሱቅ የተጫነው ነገም ይገኛል። የቤተሰብዎን ካሴትና የስልክዎን ቅጂ ያውጡ፣ ማን እንደዘፈነ፣ የት ቦታ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቀው በታጉ ላይ ይጻፉ። ኮከቡ ቆይቶም ይደርሳል፤ ስሙ ግን ዛሬ ካልተጻፈ ነገ የሚጠየቅ ሰው ላይኖር ይችላል።