ለጀማሪ አርቢ የሚስማማ እባብ፦ የምርጫው መመዘኛ

በአሜሪካ የቤት እንስሳ ገበያ እባብ ለመግዛት የሚሻ ጀማሪ በአብዛኛው የሚማረከው በመልኩ ነው። መመዘን የሚገባው ግን ሲያድግ የሚደርስበት መጠን ነው። በልጅነቱ እጅ ላይ የሚጠቀለለው የበርማ ዘንዶ ከ5 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ከባለቤቶቻቸው እጅ የወጡ ዘንዶዎች በፍሎሪዳው ኤቨርግሌድስ ረግረጋማ ስፍራ ተባዝተው ለአጥቢ እንስሳት መመናመን ምክንያት ሆነዋል፤ አገሪቱም በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ ግዛቷ እንዳይገቡ ከልክላለች።

በአንጻሩ «ኮርን ስኔክ» የተሰኘው የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ መርዝ አልባ እባብ ብዙውን ጊዜ ከ1.5 ሜትር አይበልጥም፤ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ የሟሟ አይጥም ሳያስቸግር ይበላል። በገርነቱ የሚወደሰው የምዕራብ አፍሪካው ቦል ፓይተን ግን አንዳንዴ ለወራት ምግብ እየተወ ጀማሪን ያስጨንቃል። ኮርን ስኔክ በማምለጥ የታወቀ በመሆኑ የሳጥኑ ክዳን መቆለፍ አለበት። ዕድሜውም እስከ 20 ዓመት ሊደርስ ስለሚችል፣ በተማሪነት የተገዛው እባብ ባለቤቱን እስከ ትዳር ቤቱ ይከተለዋል።