ተጨማሪ መረጃ፦ የተሰራጨ ሜላኖማ ሕክምና

ሜላኖማ ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡ ሕዋሳት የሚነሳ ካንሰር ነው። ጥቁር ሕዝቦችን ሲይዝ በብዛት የሚወጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሌይ በ1981 እ.ኤ.አ. የሞተው ከእግር ጣቱ በተነሳ ሜላኖማ ነበር።

በጊዜ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ወደ ሳንባ፣ ጉበት ወይም አንጎል ከተሰራጨ፦

• ኢሚውኖቴራፒ፦ እንደ ኒቮሉማብ ያሉ መድኃኒቶች የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲያጠቃ ያደርጋሉ።
• ዒላማ ተኮር ሕክምና፦ በዕጢው ላይ የብራፍ ጂን ለውጥ ለተገኘባቸው ሕሙማን ይሰጣል።
• ጨረርና ኬሞቴራፒ፦ ሕመምን ያስታግሳሉ፣ ዕጢውን ሊያሳንሱም ይችላሉ።

ለምሳሌ በደቡብ ወሎ የኩታበር ወረዳ የሚኖር ገበሬ በውስጥ እግሩ የወጣ ጥቁር ነጥብ ሲያይ እሾህ የወጋው ሊመስለው ይችላል። ነጥቡ እየሰፋ ከሄደ ወይም ቁስሉ አልድን ካለ፣ ሳይውል ሳያድር ደሴ አጠገብ ባለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም ሊያየው ይገባል።