ድራሙን ከመወልወል በፊት

ማንኪራ በቡና መገኛነት ስሟ የሚነሳ የካፋ ቀበሌ ናት። ጫካዋን አረንጓዴ አድርጎ ያቆየው ዝናብና እርጥበት ግን በዚያው በካፋ፣ ቦንጋ ከተማ ውስጥ በየቢሮውና በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ለተቀመጠው ሌዘር ፕሪንተር አይመቸውም። ክረምት ገብቶ ጽሑፉ ሲደበዝዝ ወይም ወረቀቱ ላይ ነጠብጣብ ሲታይ፣ ብዙ ሰው ካርትሪጁን አውጥቶ ድራሙን ባገኘው ጨርቅ ይወለውላል። ጤነኛው ድራም የሚበላሸውም ያኔ ነው።

ድራም ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሆኖ የሚያብለጨልጭ የአልሙኒየም ቱቦ ነው። ላዩ ላይ ከፀጉር የሚቀጥን፣ ብርሃን የሚሰማው ሽፋን አለው። ሽፋኑ በጨለማ የኤሌክትሪክ ሙሌት ይይዛል፤ ሌዘሩ ያረፈበት ነጥብ ግን ሙሌቱን ይለቃል። የቶነር ዱቄት በእነዚያ ነጥቦች ላይ ይለጠፋል፣ ወደ ወረቀት ይሸጋገራል፣ በመጨረሻም ፊውዘር የሚባለው ክፍል በሙቀትና በግፊት ያቀልጠዋል። ድራሙ ላይ የቀረውን ዱቄት ብሌድ የሚባለው መጥረጊያ ይጠርገዋል። ስለዚህ ድራሙ በየዙሩ ራሱን እያጸዳ የሚሠራ ነው።

የዘዴው መነሻ እ.ኤ.አ. በ1938 ኒውዮርክ፣ አስቶሪያ ውስጥ የተደረገ ሙከራ ነው። ቼስተር ካርልሰንና ረዳቱ ኦቶ ኮርናይ ድኝ የተቀባ የዚንክ ሳህን በመሃረብ አሽተው ሙሌት ሰጡት፤ ብርሃን አብርተው ዱቄት ነሰነሱበት፤ የመጀመሪያው ቅጂም ተገኘ። በ1971 ደግሞ የዜሮክሱ ጋሪ ስታርክዌዘር የፎቶ ኮፒ ማሽኑን መብራት በሌዘር ተክቶ ሌዘር ፕሪንተሩን ሠራ።

ወረቀቱን ማየት ብልሽቱን ለመለየት ይረዳል። አንድ ነጠብጣብ በእኩል ርቀት እየተደጋገመ ከመጣ በማስመሪያ ይለካ። የብዙ አነስተኛ ፕሪንተሮች ድራም ዲያሜትሩ 24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንድ ዙሩ 75 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በኤ4 ወረቀት ላይ ምልክቱ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይታያል። ድራሙ 30 ሚሊ ሜትር ከሆነ ርቀቱ ወደ 94 ይሰፋል። ልኬቱ ከድራሙ ዙር ጋር ካልገጠመ ሌላ ሮለር ይጠርጠር።

ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጭን ጥቁር መስመር የተጫረ ድራም ወይም ያረጀ ብሌድ ምልክት ነው። በእጅ ሲነካ የሚለቅ ጽሑፍ ግን የፊውዘር ችግር እንጂ የድራም አይደለም። ካልተለየ፣ ወረቀቱ መሃል ላይ ሳለ ክዳኑን ከፍቶ ማቆም ይቻላል፦ ድራሙ ላይ ያለው ምስል ጥርት ያለ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ከደበዘዘ፣ ጥፋቱ ከማሸጋገሪያው ወይም ከወረቀቱ ነው።

ዝናብ በሚበዛበት እንደ ቦንጋ ያለ ቦታ መጀመሪያ የሚጠረጠረውም ወረቀቱ ነው። እርጥበት የሳበ ወረቀት ቶነሩን በደንብ አይቀበልም፤ ይጠቀለላል፣ ይቀረቀራል። ደስጣው በመጠቅለያው እንዳለ ከወለልና ከግድግዳ ርቆ ይቀመጥ፤ ትሪው ላይ የዕለቱ ብቻ ይደረግ።

ማጽዳት የግድ ከሆነ ፕሪንተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። ድራሙ ጫፍና ጫፉን ተይዞ፣ ደብዘዝ ባለ ቦታ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጠናቀቅ፤ ብርሃን ሽፋኑን ይጎዳዋል። ቃጫ በማይለቅ ደረቅ ጨርቅ በስሱ መዳበስ ይበቃል። የስቲከር ማጣበቂያ ከተለጠፈበት በደረቅ የጆሮ ጥጥ ቀስ እየተባለ ይነሳ። ቤንዚን፣ ቲነርና ሳሙና አይነኩትም። ድራሙና ቶነሩ በሚለያዩባቸው የብራዘር ፕሪንተሮች ላይ ለድራሙ ሙሌት የሚሰጠውን የኮሮና ሽቦ የሚጠርግ መያዣ አለ፤ ወዲያና ወዲህ ተስቦ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ወረቀቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል። ልብስ ላይ የፈሰሰ ቶነር በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፤ ሙቅ ውሃ ያቀልጠዋል።

ሽፋኑ ከተጫረ ወይም ከተበላ ግን ማጽዳት አያድነውም። ካርትሪጅ ማስሞላትም ዱቄቱን እንጂ ድራሙን አያድስም፤ ደጋግሞ የተሞላ ካርትሪጅ ግራጫ ሲያወጣ ባለሙያውን መጠየቅ ያለበት ስለ ድራም ቅያሪ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ አዲስ ደረቅ ወረቀት ይሞከር፣ ቀጥሎ ማስመሪያ፣ ጨርቁ መጨረሻ።