አንዲት አበባ በስንት እጅ ታልፋለች?

ደብተራችሁና እርሳሳችሁ አጠገባችሁ ይሁን። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንዲት ጽጌረዳ አበባ ነው። ስለ ውበቷ ግን አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ነጋዴዎች ሥራቸውን ካላቀናጁ ምን እንደሚሆን አበባዋ ታሳየናለች።

መጀመሪያ ሁለት ቃላት እንጻፍ። አንደኛው «ፖሊሲ» ነው። ፖሊሲ ማለት መንግሥት አንድን ሥራ በምን መንገድ እንደሚመራ አስቀድሞ የሚወስነው አቅጣጫ ነው። ሁለተኛው «ማቀናጀት» ነው። ይህን እንኳ ገበሬ ያውቀዋል። አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ሰዎች ምን ያደርጋሉ? በሬዎቻቸውን ያቀናጃሉ። ዛሬ ያንተ ማሳ፣ ነገ የኔ ማሳ ይታረሳል። አንዱ በሬ ቢቆም ሌላው ብቻውን አያርስም።

አሁን ወደ አበባዋ እንመለስ። አበባዋ ዝዋይ አጠገብ ካለ እርሻ ጠዋት ተቆረጠች እንበል። ገበያዋ ያለው ሆላንድ አገር ነው። ቡና በጆንያ ሆኖ ወራት ይጠብቃል። አበባ ግን እንዲህ አይደለችም። ያሏት ጥቂት ቀናት ናቸው። እስከ ገበያ ድረስ በቀዝቃዛ ቦታ ካልቆየች ትጠወልጋለች። የጠወለገች አበባ ደግሞ ገዢ የላትም።

እንግዲህ በስንት እጅ እንደምታልፍ እንቁጠር።

አንደኛ፣ መሬት። ቦታውን ለነጋዴው የሚያቀርበው ክልሉ ነው።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ። የልማት ባንክ ብድር ይሰጣል።

ሦስተኛ፣ መብራት። መብራት ከጠፋ ማቀዝቀዣው ይቆማል።

አራተኛ፣ ጉምሩክ። ወረቀቱ ካልተፈረመ ጭነቱ አይወጣም።

አምስተኛ፣ አውሮፕላን። አየር መንገዱ ቦታ ከሌለው አበባዋ እዚሁ ትቀራለች።

አያችሁ? አራቱ ሥራቸውን በደንብ ቢሠሩ፣ አምስተኛው ግን «ነገ ተመለሱ» ቢል፣ የአራቱም ድካም ከንቱ ይሆናል። የሚከስረው ደግሞ ነጋዴው ብቻ አይደለም። አበባዋን የቆረጠችው ሠራተኛም ደመወዟ በዚያ ላይ ነው። ባንኩም ብድሩ አይመለስለትም። አገርም የውጭ ገንዘብ ታጣለች።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ይህን ለማቀናጀት ብዙ ተሠርቷል። የአበባ አምራቾች ማኅበር አቋቋሙ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነጋዴ ብቻውን ቢሮ ለቢሮ ከሚንከራተት፣ ማኅበሩ የሁሉንም ችግር ይዞ ከመንግሥት ጋር ይነጋገር ጀመር። የልማት ባንክም ነጋዴው ከወጪው ከመቶ 30 እጁን ካዋጣ፣ እስከ 70 እጁን ያበድር ነበር። ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ጉዳይ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰብሳቢነት በኮሚቴ ይታይ ነበር። የባንኩ፣ የጉምሩኩና የሌላውም ኃላፊ በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ፣ «ጥፋቱ የእሱ ነው» ብሎ ማሳበብ ይከብዳል።

ውጤቱስ? በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአበባ እርሻዎቻችን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ2000 ዓ.ም. ግን ወደ ውጭ ከተላከ አበባ የተገኘው ገቢ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሥራ አገኙ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

ነገሩ ግን በዚህ አያልቅም። ከጠረጴዛው ዙሪያ ማን ቀረ? መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ቀረ። ከእርሻው በታች ውሃ የሚቀዳው ጎረቤት ቀረ። በየቦታው «ካሣው አነሰን» የሚሉ ነበሩ። የዝዋይ ሐይቅ ውሃ መቀነሱና የኬሚካሉ ጉዳይም ነዋሪውንም ተመራማሪውንም አሳስቧል። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በተነሣው ተቃውሞ በባሕር ዳር አካባቢ የአበባ እርሻዎች ተቃጠሉ። የተቃውሞው ምክንያት ብዙ ነበር፤ አበባ ብቻ አልነበረም። ሆኖም ጎረቤት «የእኔም ነው» የሚለውን እርሻ ይጠብቀዋል እንጂ ሲቃጠል ቆሞ አያይም። እርሻው ሲቃጠል ሠራተኛዋም እንጀራዋን አጣች።

ስለዚህ ቅንጅት ማለት የሹምና የነጋዴ ስምምነት ብቻ አይደለም። በሬዎቹ ተቀናጅተው ሳለ የማሳው ባለቤት ካልተጠየቀ፣ እርሻው ጠብ ይሆናል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህ ነገር የሩቅ ነገር አይምሰላችሁ። በቀበሌያችሁ የወተት ማኅበር ወይም የመስኖ ሥራ ሊጀመር ይችላል። ያን ጊዜ ስብሰባው ላይ ተነሥታችሁ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጠይቁ፦

ይህ ሥራ በማን በማን እጅ ያልፋል?

አንዱ ቢዘገይ ማን ይጠየቃል?

ሁሉም ተገናኝተው የሚነጋገሩት መቼ መቼ ነው?

ሥራው የሚነካው ሰው ሁሉ ተጠርቷል ወይ?

ጥያቄዎቹን በደብተራችሁ ጻፏቸው። ማንበብ የቻለ ሰው የውሉን ወረቀት ሳያነብ አይፈርምም። መጻፍ የቻለም የተነገረውን ተስፋ ከነቀኑ ይመዘግባል።